ዕዳ የሆነብኝ ጥያቄ፦ ስለ መቶ ዓመቱ ጦርነት

የዛሬው ረዘም ይላል። ጊዜ ያላችሁ ቡና አስቀርባችሁ አንብቡት፤ የቸኮላችሁ ደግሞ አስቀምጡትና ማታ ተመለሱበት።

ነገሩ የሆነው ከብዙ ዓመታት በፊት ነው። እንግሊዝና ፈረንሳይ ስላደረጉት የመቶ ዓመት ጦርነት ሳስተምር ሰሌዳው ላይ ሦስት ስሞች ጻፍኩ። ክሬሲ 1346፣ ፑዋቲዬ 1356፣ አዣንኩር 1415። «ሦስቱንም እንግሊዝ አሸነፈች» አልኩ። ከሥራቸው ደግሞ «1453፦ ጦርነቱ በፈረንሳይ አሸናፊነት አበቃ» ብዬ ጻፍኩ። ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ እንግሊዝ ሁሉንም ካሸነፈች እንዴት ተሸነፈች?»

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። «ጃን ዳርክ መጣቻ!» አልኩት። ደወሉ ተደወለ፣ ወጣን።

መልሱ መልስ እንዳልነበረ ያን ቀንም ታውቆኛል። ጃን ዳርክ የተቃጠለችው በ1431 ነው። ጦርነቱ እሷ ከሞተች በኋላ 22 ዓመት ቀጥሏል። ልጁ የጠየቀኝ ጥሩ ጥያቄ ነበር፤ እኔ ግን በቀልድ አለፍኩት። ዛሬ ልክፈለው።

(ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። ዘመኑን ለመያዝ እንዲቀላችሁ፦ ጦርነቱ ሲጀመር እኛ ዘንድ በዙፋን ላይ የነበሩት ዐፄ ዓምደ ጽዮን ናቸው፤ ሲያልቅ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ።)

ጠቡ ከየት መጣ?

በ1066 የኖርማንዲው መስፍን ዊልያም ባሕር ተሻግሮ እንግሊዝን ያዘና ነገሠ። እንግሊዝ ላይ ንጉሥ ሆነ፤ በኖርማንዲው ርስቱ ግን አሁንም ለፈረንሳይ ንጉሥ የሚያድር መስፍን ነው። የነገሩ ሥር እዚህ ላይ ነው። ለአንዱ ንጉሥ እጅ የሚነሳ ሌላ ንጉሥ ተፈጠረ ማለት ነው።

በኋላ የእንግሊዝ ነገሥታት በጋብቻም በውርስም የፈረንሳይን ምዕራብ አብዛኛውን ያዙ፤ መልሰውም አብዛኛውን ተነጠቁ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በእጃቸው የቀረው ዋናው ርስት በደቡብ ምዕራብ ያለው ጋስኮኒ ነበር። ከተማው ቦርዶ፣ ሀብቱ ወይን ጠጅ። እንግሊዝ ውስጥ የሚጠጣው ወይን በብዛት የሚጫነው ከዚያ ወደብ ነበር።

በ1328 የፈረንሳዩ ንጉሥ ሻርል 4ኛ ወንድ ልጅ ሳይተካ ሞተ። የቅርብ ወንድ ዘመዱ የእህቱ የኢዛቤል ልጅ ነበር፤ እሱም የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ 3ኛ ነው፤ ገና የ15 ዓመት ልጅ። የፈረንሳይ መኳንንት ግን «ዘውድ በሴት በኩል አይተላለፍም» አሉና የሟቹን የአጎት ልጅ ፊሊፕ 6ኛን አነገሡ። ኤድዋርድም በዓመቱ አሚያን ከተማ ሄዶ ስለ ጋስኮኒ ርስቱ ለፊሊፕ እጅ ነሣ። ነገሩ ያለቀ መሰለ።

በ1337 ፊሊፕ «ግዴታህን አልተወጣህም» ብሎ ጋስኮኒን ወረስኩ አለ። ኤድዋርድ በ1340 ጌንት ከተማ ላይ «እንዲያውም የፈረንሳይ ሕጋዊ ንጉሥ እኔ ነኝ» ብሎ አወጀ። አዋጁ ብልሃትም ነበረበት። የፍላንደርስ ከተሞች ሱፍ የሚያገኙት ከእንግሊዝ ስለሆነ ከእሱ ጋር መሰለፍ ፈልገዋል፤ ግን ለፈረንሳይ ንጉሥ ታማኝ ለመሆን ምለዋል። እሱ ራሱ «የፈረንሳይ ንጉሥ» ሲሆን መሐላቸው አልፈረሰም ማለት ነው!

ድሉ እንዴት መጣ?

ኦገስት 26 ቀን 1346፣ ሰሜን ፈረንሳይ፣ ክሬሲ መንደር አጠገብ። ኤድዋርድ ሠራዊቱን ተዳፋት ላይ አሰልፎ ጠበቀ። ባላባቶቹን ከፈረስ አውርዶ በእግር አቆማቸው። ከጎናቸው ቀስተኞቹን አደረገ። የእንግሊዝ ቀስት የሰው ቁመት ያህል የሚረዝም፣ ለመሳብ ከልጅነት ጀምሮ መልመድ የሚጠይቅ መሣሪያ ነው። ኤድዋርድ በኋላ በ1363 ወንዱ ሁሉ በበዓል ቀን ሌላ ጨዋታ ትቶ ቀስት እንዲለማመድ አዋጅ እስከማስነገር ደርሷል።

ፊሊፕ ደግሞ ከጄኖዋ የቀጠራቸው ቀስተኞች ነበሩት። የእነሱ ቀስት በመወጠሪያ እየተጠመዘዘ የሚወጠር ነው፤ ኃይለኛ ነው፣ ግን ቀርፋፋ ነው። እንግሊዛዊው በደቂቃ አሥር ገደማ ፍላጻ ሲለቅ ጄኖዋዊው ሁለት ቢያደርስ ነው። በዚያ ላይ ትልልቅ ጋሻዎቻቸው ከጓዝ ጋር ኋላ ቀርተዋል። አፈገፈጉ። ከኋላ የነበሩት የፈረንሳይ ፈረሰኞች ተናደዱና የራሳቸውን ቅጥረኞች እየረገጡ ወደፊት ጋለቡ። እስኪጨልም ድረስ እየደጋገሙ ወጡ፤ እየደጋገሙ ወደቁ። ዓይነ ስውሩ የቦሄሚያ ንጉሥ ዮሐንስ እንኳ ፈረሱን ከባልንጀሮቹ ፈረስ ጋር አሳስሮ ገባ ይባላል፤ እዚያው ቀረ።

ከአሥር ዓመት በኋላ ፑዋቲዬ ላይ የኤድዋርድ ልጅ፣ ጥቁሩ ልዑል የሚባለው፣ በዚያው ዘዴ ገጠመ። ውጤቱ የባሰ ሆነ። የፈረንሳዩ ንጉሥ ዣን 2ኛ ራሱ ተማረከ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። በሁለቱም ውጊያ እንግሊዞች ቦታ ይዘው ቆመው የጠበቁ ናቸው። መጥቶ የገባላቸው ፈረንሳይ ነው። ዘዴው ድንቅ ነው፤ ግን የሚሠራው ጠላት ከመጣ ብቻ ነው። ባይመጣስ?

ሜዳውን ይዞ ከተማው ደጅ መቆም

ከክሬሲ በኋላ ኤድዋርድ ፓሪስ ገባ? አልገባም። አንዲት የወደብ ከተማ፣ ካሌን፣ ሊከብ ሄደ። ለእሷ ብቻ 11 ወር ገደማ ፈጀበት፤ በረሃብ ነው የተከፈተችው።

ከፑዋቲዬ በኋላስ? በ1359 የፈረንሳይ ንጉሥ ለንደን ምርኮኛ ሆኖ ተቀምጧል። ኤድዋርድ ትልቅ ጦር ይዞ ሬምስ ከተማ ድረስ ሄደ። የፈረንሳይ ነገሥታት ቅብዓ መንግሥት የሚቀቡት እዚያ ስለሆነ ዘውዱን ሊጭን ነው። ሬምስ በሯን ዘጋች። ክረምት ነው፣ ዝናብ ነው፣ ለፈረሱ ገፈራ የለም። ከአንድ ወር ትንሽ ቢያልፍ ነው፣ ድንኳኑን ነቅሎ ሄደ። በሚቀጥለው ኤፕሪል ሜዳ ላይ የበረዶ ማዕበል ወርዶ ሰውና ፈረስ ፈጀበት። በዚያው ዓመት ብሬቲኒ ላይ ተዋዋለ፤ ሰፊ መሬት ከነሙሉ ሥልጣኑ ተሰጠው፣ እሱም የዘውዱን ጥያቄ ሊተው ተስማማ።

የአገሩን ንጉሥ በእጁ የያዘ ሰው የአንዲት ከተማን በር ማስከፈት አልቻለም! ለልጁ ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ ይሄ ነው። ውጊያ ሜዳውን ይሰጥሃል። አገሩ ያለው ግን ግንቡ ውስጥ ነው። በዚያ ላይ ፈረንሳይ ከወረርሽኙ በፊት ከ15 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እንደነበራት ይገመታል፤ እንግሊዝ 5 ሚሊዮን ገደማ። በየግንቡ ጠባቂ አስቀምጦ ያን አገር መያዝ ለእንግሊዝ ከአቅም በላይ ነበር።

ወታደሩን ማን ይክፈለው?

ኤድዋርድ ጦርነቱን የጀመረው በብድር ነው። ባርዲና ፔሩዚ ከሚባሉት የፍሎረንስ ባንኮች ተበደረ፤ ከዘውዶቹ አንዱን ሳይቀር መያዣ አስያዘ። በጊዜው መክፈል አልቻለም። ሁለቱም ባንኮች በ1340ዎቹ ከሰሩ፤ ሌላም ምክንያት ነበራቸው፣ ግን የእሱ ዕዳ አልጠቀማቸውም።

ወታደሩ ደሞዙ ሲዘገይ ከገበሬው ይወስዳል። መሪዎቹም ይህን እንደ ስልት ያዙት። ጥቁሩ ልዑል በ1355 ከቦርዶ ተነሥቶ ናርቦን ድረስ መንደር እያቃጠለ፣ ጎተራ እያራቆተ ሄዶ ተመለሰ። ሐሳቡ «ንጉሣችሁ አያድናችሁም» ለማለትና ለፈረንሳይ ግብር የሚከፍለውን ሰው ለማደህየት ነው።

ሰላም ሲወርድ ደግሞ ባሰ። በ1360 ውሉ ሲፈረም በሺዎች የሚቆጠር ወታደር «በቃህ» ተባለ። ወዴት ይሂድ? እንግሊዙም፣ ጋስኮኙም፣ ጀርመኑም ተሰባስቦ የራሱን ጭፍራ አቋቋመ፤ ግንብ እየያዘ በዙሪያው ያለውን መንደር «እንዳላቃጥልህ ክፈል» ይል ጀመር። በ1362 ብሪኜ ላይ የንጉሡ ጦር ሊቀጣቸው ሄዶ እነሱ ንጉሡን ጦር ደመሰሱት። ገበሬው ቤተ ክርስቲያኑን ምሽግ አደረገ፤ ደወሉ ሰገነት ላይ ጠባቂ አቆመ።

ከዚያ በፊት በ1358 ከፓሪስ በስተሰሜን ያለው ገበሬ ገንፍሎ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ባላባቱ ከግብር ነፃ የሆነው፣ የተከበረው፣ «እኔ በሰይፌ እጠብቅሃለሁ» ብሎ ነው። ክሬሲ ላይ አልጠበቀም፤ ፑዋቲዬ ላይ አልጠበቀም፤ ንጉሡንም አስማርኮ መጣ። አሁን ደግሞ «ለማስለቀቂያ አዋጣ» ይላል። አመፁ ሁለት ሳምንት ቢቆይ ነው። ባላባቶቹ ተሰባስበው በብዙ ደም አጠፉት። እንግሊዝን ማሸነፍ ያቃታቸው ሰዎች ገበሬውን ለማሸነፍ አልተቸገሩም።

ከሽንፈት የተገኘ መሣሪያ

ለዣን ማስለቀቂያ የተጠየቀው 3 ሚሊዮን የወርቅ ኤኩ ነው። ሙሉው ተከፍሎ አላለቀም። ግን ለዚህ ሲባል አዲስ የወርቅ ገንዘብ ተቀረጸ፤ ስሙም ፍራንክ። አዎ፣ ያ እስከ 2002 የፈረንሳይ ገንዘብ መጠሪያ የነበረው ስም። በተጨማሪ በየዓመቱ የሚሰበሰብ ግብር ተጣለ፤ በሚሸጥ ዕቃ ላይ፣ በጨው ላይ፣ ቆይቶም በእያንዳንዱ ምድጃ ላይ።

የሚገርመው እዚህ ነው። ከዚያ በፊት የፈረንሳይ ንጉሥ ለየጦርነቱ እየለመነ ነበር ግብር የሚያገኘው። የፑዋቲዬ ሽንፈት ቋሚ ገቢ ሰጠው። የእንግሊዝ ትልቁ ድል ለጠላቱ የግብር ሥርዓት ሠራለት ማለት ነው።

ይህን የተጠቀመበት የዣን ልጅ ሻርል 5ኛ ነው፤ «ጠቢቡ» ይሉታል። ሰውነቱ ደካማ፣ መጽሐፍ ወዳድ፣ ጦር ሜዳ የማይወጣ ሰው። ፑዋቲዬ ላይ ግን ነበር፤ ያየውን አልረሳም። ጦሩን ለቤርትራን ዱ ጌክላን ሰጠ። ዱ ጌክላን ከብሪታኒ የመጣ ትንሽ ባላባት ነው፤ ራሱም ከአንዴ በላይ ተማርኮ በገንዘብ ተፈትቷል። መጀመሪያ ያደረገው እነዚያን ሥራ ፈት ጭፍሮች ሰብስቦ ወደ ስፔን ጦርነት ይዟቸው መሄድ ነው። አገሩ ትንሽ ተነፈሰ።

ጦርነቱ በ1369 እንደገና የተነሣው በግብር ነው። ጥቁሩ ልዑል ስፔን ዘምቶ ዕዳ ውስጥ ገባ፤ ዕዳውን ለመክፈል በደቡብ ምዕራብ ግዛቱ ላይ የምድጃ ግብር ጣለ። መኳንንቱ «ይግባኝ!» ብለው ወደ ሻርል ሄዱ። ሻርልም ተቀበላቸው።

የሻርል ትእዛዝ አጭር ነው። እንግሊዝ ሲመጣ በር ዝጉ፣ እህሉን ግንብ ውስጥ አስገቡ፣ ሜዳ ላይ አትግጠሙ። በ1373 የላንካስተሩ መስፍን ጆን ኦፍ ጎንት ትልቅ ጦር ይዞ ከካሌ ተነሣና ፈረንሳይን ሰንጥቆ እስከ ቦርዶ ሄደ። የሚገጥመው አጣ። ከተሞቹ ዘጉበት። ብርዱ፣ ረሃቡ፣ ከኋላ የሚነጥቀው ዘራፊ በላው። ቦርዶ ሲደርስ ፈረሱ አብዛኛው አልቋል፤ ሰዉም በብዙ ጎድሏል። አንድም ትልቅ ውጊያ አልተሸነፈም፤ ጦሩ ግን ጠፋ።

ሻርል በ1380 ሲሞት በእንግሊዝ እጅ የቀረው ካሌ፣ በቦርዶና በባዮን ዙሪያ ያለው መሬት፣ ጥቂት ወደቦችም ናቸው። እንግሊዝ ውስጥ በተራው ለዚህ ጦርነት ሲባል በአራት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ የነፍስ ወከፍ ግብር ተጣለ። በ1381 ገበሬው ለንደን ገባ። የንጉሡን ጠቅላይ አማካሪ፣ ሊቀ ጳጳሱን ሰድበሪን፣ አንገቱን ቆረጡት።

«አዣንኩርስ ታዲያ?»

ትክክል ናችሁ፤ እዚህ ላይ ታሪኩ ይገለበጣል። ግን የገለበጠው ቀስት ብቻ አይደለም።

ሻርል 6ኛ ከ1392 ጀምሮ አእምሮው እየታወከ የሚመለስ ንጉሥ ነበር። አንዳንዴ ሰውነቱ ከመስተዋት የተሠራ እየመሰለው «እንዳልሰበር አትንኩኝ» ይል ነበር። በእሱ ስም ማን ይግዛ በሚለው የንጉሡ ወንድም የኦርሌአን መስፍንና የቡርጎኝ መስፍን ተጣሉ። በ1407 የኦርሌአኑ ፓሪስ መንገድ ላይ ተገደለ፤ ያስገደለው የቡርጎኙ ነው። አገሩ ለሁለት ተሰነጠቀ።

የእንግሊዙ ሄንሪ 5ኛ የመጣው በዚህ ስንጥቅ ነው። ኦክቶበር 25 ቀን 1415 አዣንኩር ላይ፣ በዝናብ በራሰ የታረሰ ማሳ ውስጥ፣ ከባድ ጥሩር የለበሱት የፈረንሳይ ባላባቶች ጭቃ ውስጥ እየተገፋፉ አለቁ። ሄንሪ ምርኮኞቹን እንኳ በብዛት አስገደለ። የክሬሲ ትምህርት ተረስቷል፤ ሻርል 5ኛ በዘጋው በር እንደገና ወጡ።

ግን ልብ በሉ፤ አዣንኩር ብቻውን ለሄንሪ ምንም ርስት አልሰጠውም። በዚያው ዓመት ወደ አገሩ ተመለሰ። አገር የያዘው ከ1417 ጀምሮ ነው፤ ከተማ በከተማ፣ በከበባ። ሩዋን ላይ ከተማው ምግብ ለመቆጠብ ድሆችን ከግንቡ አስወጣ። ሄንሪ ደግሞ አላሳልፍም አለ። ሴቱ፣ ሕፃኑ፣ ሽማግሌው በግንቡና በጦሩ መካከል ባለው ቦይ ውስጥ ክረምቱን ተቀምጠው አለቁ። አዣንኩርን የሚያወራው ብዙ ነው፤ ያን ቦይ የሚያስታውስ ጥቂት።

በ1419 የቡርጎኙ መስፍን ለእርቅ ብሎ ሞንትሮ ድልድይ ላይ ከአልጋ ወራሹ ሻርል ጋር ሲገናኝ በወራሹ ሰዎች ተገደለ። የሟቹ ልጅ ፊሊፕ በቁጭት ለእንግሊዝ አደረ። ከመቶ ዓመት በኋላ አንድ መነኩሴ የዚያን መስፍን የተሰነጠቀ የራስ ቅል ለንጉሡ እያሳየ፣ እንግሊዞች ፈረንሳይ የገቡት በዚህ ቀዳዳ ነው አለ ይባላል።

በ1420 የትሯ ውል ተፈረመ። ሄንሪ የንጉሡን ልጅ ካትሪንን ያገባል፤ ሻርል 6ኛ ሲሞት ፈረንሳይን ይወርሳል። ልጁ ሻርል ተነቀለ። ሄንሪ ግን በኦገስት 1422 በተቅማጥ በሽታ ሞተ። አማቹ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ ተከተለው። የሁለት መንግሥት ዘውድ የወረደው በአንድ የዘጠኝ ወር ሕፃን ላይ ነው፤ ሄንሪ 6ኛ።

ልጅቷ

አሁን ወደ ጃን ዳርክ ደረስን። በ1429 የ17 ዓመት ገደማ የገበሬ ልጅ፣ ከዶምሬሚ መንደር ተነሥታ «ድምፅ ሰማሁ» ብላ ወደ አልጋ ወራሹ ሄደች። ኦርሌአን ከተከበበች ወራት ሆኗታል። ጃን ከገባች በአሥር ቀን ውስጥ፣ ሜይ 8፣ ከበባው ተነሣ። በጁን ፓቴይ ላይ የእንግሊዝ ቀስተኛ እንጨቱን ተክሎ ሳይዘጋጅ ፈረሰኛው ደረሰበትና ተበተነ። (ልጄ፣ «ሁሉንም» ያልኩህ እዚህም ላይ ስሕተት ነበር።) ጁላይ 17 ሻርል 7ኛ ሬምስ ላይ ተቀባ። ለኤድዋርድ የተዘጋው በር ለእሱ ተከፈተ።

ያደረገችው ትልቅ ነገር ይሄ ነው። ጥቂት ግንብ ከማስለቀቅ ይልቅ፣ ንጉሡ ማን እንደሆነ ለሕዝቡ መለሰች። ግን በ1430 ኮምፒዬን ላይ የማረኳት ቡርጎኞች ናቸው፤ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች። ለእንግሊዝ በ10,000 ሊቭር ሸጧት። ሩዋን ላይ የፈረዱባት ካህናትም በብዛት ፈረንሳዮች ናቸው። ያነገሠችው ንጉሥ ሊያስፈታት ያደረገው ይህ ነው የሚባል ነገር የለም። ሜይ 30 ቀን 1431 ተቃጠለች። ፍርዱ የተሻረው በ1456 ነው፤ ጦርነቱ ካለቀ በኋላ።

እርቅ፣ ደሞዝ፣ መድፍ

ጦርነቱን የቋጩት ሦስት አሰልቺ ነገሮች ናቸው።

አንደኛው እርቅ ነው። በሴፕቴምበር 1435 አራስ ከተማ ላይ የቡርጎኙ ፊሊፕ ከሻርል 7ኛ ጋር ታረቀ። ሻርል ስለ አባቱ ግድያ ይቅርታ እንዲጠየቅለት ተስማማ፤ መሬትም ሰጠ። ለንጉሥ ይህ ውርደት ነው፤ ግን ዋጠው። በሰባተኛው ወር ፓሪስ በሯን ከፈተች። ድር ቢያብር የምንለው ነው።

ሁለተኛው ደሞዝ ነው። ከእርቁ በኋላ ሥራ የፈቱ ወታደሮች አገሩን እንደገና ገፈፉት፤ ሕዝቡ «ቆዳ ገፋፊዎች» ብሎ ስም አወጣላቸው። ሻርል በ1439 ከንጉሥ በቀር ማንም ጦር እንዳያቆም አዋጅ አወጣ። በ1445 ከእነዚያው መካከል የሚሻሉትን መርጦ 15 ጭፍራ አቋቋመ። በሰላምም በጦርነትም ደሞዝና ቀለብ የተቆረጠለት ቋሚ ጦር። ገንዘቡ የመጣው ከዚያ ከተለመደው ግብር ነው። የእንግሊዝ ፓርላማ በበኩሉ «ፈረንሳይ የንጉሡ ሌላ መንግሥት ከሆነች የራሷን ወጪ ትቻል» ይል ነበር። ኖርማንዲ ያለው የእንግሊዝ ጠባቂ ደሞዙን ሲጠብቅ ከረመ።

ሦስተኛው መድፍ ነው። ዣንና ጋስፓር ቢሮ የሚባሉ ወንድማማቾች የንጉሡን መድፈኛ አደራጁ። ኤድዋርድን 11 ወር ያቆመው ዓይነት ግንብ አሁን መድፍ ሲጠመድበት ብዙ ጊዜ ሳይተኮስ እጁን ይሰጥ ጀመር። ሄንሪ 5ኛ በዓመታት ከበባ የያዘው ኖርማንዲ ከ1449 እስከ 1450 በአንድ ዓመት ውስጥ ተለቀቀ።

የቀረው ቦርዶ ነው። ቦርዶዎች ደግሞ እንግሊዝን ይመርጡ ነበር። ሦስት መቶ ዓመት አብረው ኖረዋል፤ ወይናቸውን የሚገዛው እንግሊዝ ነው፤ ጌታው ሩቅ ነው፣ ግብሩም ቀላል። በ1451 ፈረንሳይ ከያዘቻቸው በኋላ ራሳቸው ልከው እንግሊዝን ጠሩ። ሽማግሌው ጆን ታልቦት መጣ። ጁላይ 17 ቀን 1453 ካስቲዮን ላይ ፈረንሳዮች ቦይ ቆፍረው፣ መድፍ ጠምደው ቆመው ጠበቁ። ታልቦት ከሰፈሩ አቧራ ሲነሣ አይቶ የሸሹ መሰለውና ገባ። ከነልጁ ሞተ። የክሬሲው ጨዋታ ነው፤ ቦታው ተቀያየረ እንጂ። ኦክቶበር ላይ ቦርዶ እጇን ሰጠች።

የሰላም ውል የሚባል ነገር አልተፈረመም። ጦርነቱ ማብቃቱን ያን ቀን ያወቀ ሰው አልነበረም። «የመቶ ዓመት ጦርነት» የሚለው ስም ራሱ ከአራት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የወጣ ነው፤ ዓመቱም 116 ነው። የእንግሊዝ ነገሥታት «የፈረንሳይ ንጉሥ» የሚለውን ማዕረግ እስከ 1801 ድረስ ይዘውት ቆዩ።

ታዲያ ማን አሸነፈ?

ፈረንሳይ እንግሊዝን ከካሌ በቀር ከምድሯ አስወጣች። ግን ለጦርነቱ የተጣለው ግብር ከጦርነቱ ጋር አልሄደም። ባላባቱ በአብዛኛው ከግብር ነፃ ሆኖ፣ ገበሬው እየከፈለ፣ እስከ 1789ቱ አብዮት ዘለቀ። እንግሊዝ ተሸነፈች፤ በሁለት ዓመት ውስጥም መኳንንቷ እርስ በርስ መዋጋት ጀመሩ። ግን ንጉሧ ለየዘመቻው ፓርላማ ፊት ቆሞ ገንዘብ መጠየቅ ስለነበረበት፣ ያ መጠየቅ ልማድ ሆነ፤ ልማዱም ሕግ። አንዱ ጦርነቱን አሸንፎ ጠያቂ የሌለው ንጉሥ አተረፈ። ሌላው ተሸንፎ የሚጠየቅ ንጉሥ ተረፈው።

ያ ከኋላ ወንበር የጠየቅኸኝ ልጅ፣ አሁን ትልቅ ሰው ሆነሃል፣ ምናልባት ይህን ታነብ ይሆናል። ጥያቄህ ትክክል ነበር፤ የተሳሳተው ሰሌዳው ነው። ለወሬ የሚጥሙትን ሦስት ቀኖች ጽፌ፣ ነገሩን የወሰኑትን ተውኳቸው። ዛሬ ቢሆን ሌላ እጽፍ ነበር። 1359፣ ሬምስ በሯን የዘጋችበት። 1373፣ ማንም ያልገጠመው ጦር ያለቀበት። 1435፣ ሁለት ፈረንሳዮች የታረቁበት። 1445፣ ወታደሩ ደሞዝ የተቆረጠለት። ከሥራቸውም ያቺን የሩዋን ቦይ፣ ዓመቷን ጨምሬ።

እንግሊዝ የተሸነፈችው ውጊያ ስላልቻለች አይደለም። ካሸነፈች በኋላ ምን እንደምታደርግበት፣ ማን እንደሚከፍልለት፣ እዚያ ያለው ሰው ለምን እሺ እንደሚላት መልስ ስላልነበራት ነው። ይሄው ነው መልሱ። ስላዘገየሁት ይቅርታ።

ጥያቄም እርማትም ያላችሁ ከሥር ጻፉልኝ፤ አሁን ደወል የለም፣ አልሸሽም። ሰላም ሁኑልኝ።